በአቶ ደረበው ራስ ውስጥ የገቡት ሽማግሌዎች

በአንድ ወቅት፣ ያውም ብዙ ሳይርቅ፣ አቶ ደረበው የሚባሉ አገር የሚያከብራቸው ሽማግሌ ነበሩ። የተጣላ ማስታረቅና ለወጣት ሚስት መጠየቅ የእሳቸው ሥራ ነበር። ታዲያ አንድ እሑድ ለጎረቤት ልጅ ሚስት ሊጠይቁ ሄዱና፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ወይዘሮ ጥሩወርቅን ለልጃችን ይስጡን» አሉ። ጥሩወርቅ የልጅቷ እናት፣ የቤቱ አባወራ ሚስት ናት። ይባስ ብለው እንደ ወጉ «እሺ ካልተባልን አንቀመጥም» ብለው ቆሙ።

«እሷን ከሰጠሁ ለእኔ ማን ይሰጠኛል?» አለ ባልየው።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ደረበው ግን አልሳቁም። ራሳቸው እየከዳቸው እንደሆነ ገባቸውና ፈሩ። ሰው ለሽምግልና ካልጠራቸው ምን ሊቀራቸው ነው?

ሦስት ልጆች ነበሯቸው። ትልቋ አስናቀች በምርምር ላቦራቶሪ ትሠራለች። ወሬውን ሰምታ መጣች፣ ደም ቀዳች፣ መረመረች።

«አባባ፣ ማይክሮ አር ኤን ኤ የሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ነገሮች በሰውነታችን አሉ። በሴል ውስጥ የሚተላለፈውን ትእዛዝ ዝም ያሰኛሉ። ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ሲቀንስ አንዳንዱ ይበዛል፣ አንዳንዱ ያንሳል።»

«ዝም የሚያሰኙ ከሆነማ ሽማግሌዎች ናቸዋ!» አሉ ደስ ብሏቸው።

«እንደዚያ ይበሉት። አሁን ግን መናገር ያለበትንም ዝም ሳያሰኙት አልቀሩም።»

«ጉቦ የበላ ሽማግሌ ገባብኛ!»

አስናቀች ነገሩ ገና ምርምር ላይ እንደሆነ፣ በእሱ ብቻ በሽታ እንደማይፈረድ አልደበቀችም። ግን ስላሳሰባት እየጎተተች ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸው። የአንገታቸው ደም ሥር መጥበቡና የደም ግፊታቸው መናሩ በጊዜ ታወቀ።

ሁለተኛው ደምሰው አብሯቸው የሚኖር ነው። ጨው ከቤት አጠፋ። መድኃኒት ሳይዋጥ ቁርስ የለም። ጠዋት ጠዋት ዳገት ያስወጣቸዋል። «ልጅ መስሎኝ ወታደር ነው የወለድኩት» እያሉ ላገኙት ሁሉ ያሙታል፤ እሱ «ይሂዱ አባባ» እያለ ከኋላ ይነዳቸዋል። እየተራገሙ ሄዱ፤ ግፊታቸውም ወረደ።

ትንሿ ትርንጎ በየቤቱ እየዞረች አባቷ እንደገና ለሽምግልና እንዲጠሩ ለመነች። በተጠሩበት ሁሉ ከጎናቸው ተቀምጣ በጆሯቸው ታንሾካሹካለች፦ «ያቺ ልጅቷ ናት፤ ይቺ ሚስት ናት፣ ሚስት አይጠየቅም።» አንድ ቀን በድንበር የተኳረፉ ወንድማማቾችን ያለ ሹክሹክታ፣ ከገዛ ራሳቸው ባወጡት ቃል አስታረቁ። ያን ዕለት ቤታቸው ገብተው «አለሁ ለካ!» ብለው አለቀሱ።

ሐኪሙ ግን ያገኙት ጊዜ እንጂ ፈውስ እንዳልሆነ ነግሯቸዋል። ስለዚህ በፋሲካ፣ ዶሮው ሲቀርብ፣ ፈረሰኛውን በእንጀራ ይዘው አነሱ። ፈረሰኛ የአባወራ ድርሻ ነው፤ በዚያ ቤት ከእሳቸው ሌላ የቀመሰው የለም።

«ስማችሁን ሳልረሳ ላጉርስ። ይህች ራሴን ለመለሰልኝ ልጅ ናት» አሉ።

«እኔ ደሙን ባላይ ማን ያውቅ ነበር?» አለች አስናቀች።

«ማወቅ ብቻውን ያድናል? ዳገቱን ማን አስወጣ?» አለ ደምሰው።

ትርንጎ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ደሙስ ይዙር፤ ሰው ካልጠራቸው ራሳቸው ተመለሰ ይባላል?»

አቶ ደረበው አንዷን አይተው ወደ ሌላው ዞሩ። ሦስቱንም ይወዳሉ፤ ሦስቱም ልክ መሰሏቸው። የሰው ጉዳይ ቢሆን ወዲያው ይቆርጡት ነበር። የገዛ ልጆቻቸው ሆኑና እጃቸው ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ቁሌቱም ወደ ክንዳቸው መውረድ ጀመረ።

ይካፈሉት እንዳትሉ፤ ፈረሰኛ ለአንድ ሰው ነው። እንግዲህ እናንተ ፍረዱ፤ ወጡ ሳይቀዘቅዝ፣ እሳቸውም ለምን እንዳነሱት ሳይረሱ፦ ፈረሰኛው ለማን ይገባል?