የሁለቱ ወንድማማቾች ምንጣፍ

«ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ» አሉ እማሆይ አጸደ፣ ትርንጎ ጥያቄዋን በጨረሰች ጊዜ።

የትርንጎ ጥያቄ ይህ ነበር፦ «እማሆይ፣ እኔና እህቴ ከአንድ ቤት ወጣን፤ በአንድ ዓመት ተዳርን። ለእሷ የሚያጫውታት፣ የሚያስቃት ባል ደረሳት። የእኔው ከእርሻ ይገባል፣ ራቱን ይበላል፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። እነሱ ቤት ደርሼ ስመለስ እህል አይወርድልኝም። እግዚአብሔር ለምን እንዲህ አበላለጠን?»

መነኩሲቷ ለምን እንደሆነ አልነገሯትም። አጠገባቸው አስቀምጠዋት ታሪኩን ቀጠሉላት።

የወንድማማቾቹ አባት ብዙ በግ ያለው የደጋ ባለጸጋ ነበር። ሁለቱን ልጆቹን በአንድ ወቅት ዳረና ለየጎጇቸው ምንጣፍ ሊያሠራላቸው አሰበ። ከአንድ መንጋ ጠጉር አሸለተ፤ በአንድ ቤት አስባዘተ፣ አስፈተለ፤ ለአንድ ሸማኔ ሰጠ። ሸማኔው ሁለት ምንጣፍ ሠራ፤ መሐላቸው ነጭ፣ ዙሪያቸውን ጥቁር ሐረግ የዞራቸው። ወርዳቸውም ቁመታቸውም እኩል ነው። አባትየው ሣር ላይ አስዘረጋቸውና «ታላቅ ይምረጥ» አለ።

ታላቅየው መምረጥ ያውቅበታል። ገልብጦ ጀርባቸውን አየ፤ ድሩና ማጉ ጠበቅ ያለ መሆኑን በጥፍሩ ሞከረ። ጠጉሩን በአውራ ጣቱ ተጭኖ ሲለቀው ተመልሶ መቆሙን ተመለከተ። ጨርቅ አርሶ ጥቁሩን ሐረግ አሸት አደረገው፤ ቀለም አልለቀቀም። ሁለቱም አንድ ሆኑበት። ከአንዱ ወደ አንዱ ሲመላለስ ረፈደ። በመጨረሻ ግራ ገብቶት በቀኝ በኩል ያለውን አነሣ። ታናሽየው የቀረውን ጠቅልሎ ትከሻው ላይ አደረገና አባቱን አመስግኖ ሄደ።

ታላቅየውን ጥርጣሬ የገባው ያን ጊዜ ነው። «አንዴ እንኳ ገልጦ ሳያየው እንዴት ወሰደው? የሚያውቀው ቢኖር ነው እንጂ» አለ ታላቅየው በልቡ።

ቤቱ ገብቶ ምንጣፉን ምድጃው ሥር አነጠፈው። እላዩ ላይ ይበላል፤ ጭቃ የነካውን እግሩን እላዩ ላይ ይዘረጋል። ወተት የፈሰሰበት እንደሆነ ሚስቱ በእግሯ አሸት አድርጋው ታልፋለች። አንድ ቀን ፍም ተፈናጥሮ ጠርዙን በላው። ሰውየው በጫማው ረግጦ አጠፋና ቀዳዳው እንዳይታይ ያንን ጠርዝ ወደ ግድግዳ አዞረው። አውጥቶ ማራገፍ የሚባል ነገር አልወደደም። «ሰው አይቶ ይመቀኘኛል» ይል ነበር፤ ሰው ሁሉ እንደ እሱ ይመስለዋል።

የታናሽየው ሚስት ምንጣፏን ከምድጃው አርቃ አነጠፈች። ፀሐይ ስትወጣ ከባሏ ጋር ግራና ቀኝ ይዘው ያራግፉታል፤ የግቢው ካብ ላይ አስጥተው ጀርባውን በበትር ይመቱታል። በበሩ በኩል ያለው ብቻ ተረግጦ እንዳያልቅ ጊዜ እየጠበቀች ታዞረዋለች። ፈሳሽ ቢነካው አታሸውም። በደረቅ ጨርቅ ተጭና ታስመጥጠውና በቀዝቃዛ ውኃ ታብሰዋለች፤ ትኩስ ውኃ የበግ ጠጉርን እንደሚያኮማትር ከእናቷ ቤት ታውቃለች።

ዓመት ሲሞላ ታናሽየው ዝክር አወጣና ወንድሙን ጠራው። ታላቅየው ገብቶ ሲቀመጥ ዓይኑ ምንጣፉ ላይ ወደቀ። ከዚያ በኋላ የጠጣው ጠላ አልጣመውም፤ ሰዎች ሲያወሩ አልሰማም።

«አየሽ?» አላት ሚስቱን፣ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ። «የእሱ እንደ በረዶ ነጭ ነው። የእኛ አመድ!»

«ምን አላየሁም!» አለች ሚስቱ። «ያን ሁሉ ገልብጠህ፣ ያን ሁሉ መርጠህ ያመጣኸው ይህን ነው።»

ይቺ ቃል አንገበገበችው። በማግስቱ ወንድሙ ደጃፍ ደረሰ። «ከሸማኔው ጋር ተማክረህ የተሻለውን ለራስህ አስቀርተሃል» አለው ቆሞ።

«ጋሼ፣ የመረጥከው አንተ ነህ እኮ።»

«ያስመረጥከኝ አንተ ነህ። ለውጠኝ!»

ታናሽየው ጠብ አይወድም። ምንጣፉን ጠቅልሎ ሰጠው፤ የወንድሙን ተቀበለ። ታላቅየው እየዘፈነ ወደ ቤቱ ሄደ።

የታናሽየው ሚስት የመጣላትን ስትዘረጋው የወተት ክርፋት አፍንጫዋን መታት። ዳር ይዛ አለቀሰች። «ወንድሜ ነው፣ ስለ እኔ ብለሽ ቻይው» አላት ባሏ። እርጉዝ ነበረች። ቢሆንም ወንዝ ወረደች፤ በእንዶድ አጠበችው፤ አጎንብሳ እየደጋገመች አለቀለቀችው። ባሏ ቋጥኝ ላይ አሰጣላት። ሲደርቅ ጠጉሩን በማበጠሪያ አቃናችው። ፍም የበላውን ቀዳዳ በጀርባው በኩል ወሰወሰችው፤ ነጭ ክር ስላልነበራት በቡናማ። ወገቧ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተመለሰላትም። ለማንም አልተናገረችም።

ልጅ ወልዳ ክርስትና ሲነሣ ዘመድ ተሰበሰበ። ሽማግሌው አባትም ተደግፎ መጣ። ታላቅየው ገባ፤ ገና ከበሩ ሲያይ ምንጣፉ ነጭ ሆኖ ተነጥፏል። ቤቱ ትቶት የመጣው፣ ያ አስለውጦ የወሰደው፣ ደግሞ አመድ ሆኗል። ፊቱ ጠቆረ። ተቀመጥ ሲሉት አልተቀመጠም። ሌማት ቀርቦ ሰው እጁን ሲታጠብ እሱ ጎንበስ አለና የምንጣፉን ጠርዝ ያዘ። እላዩ ላይ የተቀመጡት እየተንገዳገዱ ተነሡ።

«ይህን ከየት አመጣኸው?» አለ። «ሦስተኛ ምንጣፍ አሠርተሃል! አባቴ፣ አንተም በስውር ሰጥተኸዋል! ሁልጊዜ እሱን ነው የምትወደው!»

ጠርዙን ሳብ አድርጎ ሲገለብጠው በቡናማ ክር የተወሰወሰ ቀዳዳ ወጣ። ሰውየው ደነገጠ። ያንን ቀዳዳ ያውቀዋል። ፍሙን የረገጠው እሱ ነው፤ ወደ ግድግዳ ያዞረው እሱ ነው። በእጁ የያዘው ንቆ የመለሰውን የራሱን ምንጣፍ ነው።

ሕፃኑ ማልቀስ ጀመረ።

አሁን ያፍራል ትያለሽ፣ ልጄ። አላፈረም። ቅናት ማፈሪያውን አስቀድሞ ነው የሚወስደው። «እንግዲያው የእኔ ነው» አለ። «መልስልኝ።»

ታናሽየው ዛሬም ሊጠቀልል ተነሣ። ያን ጊዜ ሚስቱ ሕፃኑን እንዳቀፈች መጥታ ምንጣፉ መሐል ቆመች።

«ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሼ» አለች። «ፊትዎ ተናግሬ አላውቅም። ያኛውን ወሰዱ፣ ዝም አልኩ። ይህን ከወሰዱ ግን የሚወስዱት ምንጣፍ አይደለም፤ አጎንብሼ ያጠብኩበትን ወገቤን ነው። እሱን አልሰጥም።»

ታላቅየው አባቱን አየ። ሽማግሌው «እውነቷን ነው» አለ፤ ሌላ አልጨመረም። ታላቅየው እህል ሳይቀምስ ወጥቶ ሄደ።

እቤቱ ደርሶ ያንን አመድ የመሰለ ምንጣፍ ሲያየው ደሙ ፈላ። እየጎተተ ደጅ አወጣው፤ አጥሩ ላይ ወረወረው፤ የበሬ መንጃውን ዱላ አነሣና መምታት ጀመረ። ሊያጸዳው አልነበረም፤ ወንድሙን የሚመታ መስሎት ነበር እንጂ። አቧራው ተነሥቶ ፊቱን ሸፈነው፤ ጎረቤት ምን ነደደ ብሎ ወጣ። እያሳለ፣ እየሰደበ መታ። ክንዱ ዝሎ ዱላውን ሲጥልና አቧራው ሲረግብ፣ ዱላው ባረፈበት ሁሉ የምንጣፉ ንጣት ብቅ ብቅ ብሏል። ሰውየው እጁን ዘርግቶ ነካው። ሚስቱን ጠራት። «ነይ፣ በዚያ በኩል ያዢልኝ» አላት። መጥታ ያዘችለት።

እማሆይ አጸደ እዚህ ላይ ተረኩን አቆሙና ወደ ትርንጎ ዞሩ።

«ባልሽ ይመታሻል?» አሏት።

«ኧረ በፍጹም፣ እማሆይ! ዝም ነው እንጂ እጁን አንሥቶብኝ አያውቅም።»

«ቢመታሽ ኖሮ ሌላ ታሪክ ነበር የምነግርሽ፤ ወደ አባትሽ ቤት ተመለሺ እልሽ ነበር። አሁን ግን ስሚኝ። ምንጣፉ ትዳር ነው፤ አንቺም አይደለሽ፣ ባልሽም አይደለም። እግዚአብሔር ለሁለታችሁም የሰጠው ከአንድ መንጋ ነው። አንቺ የእህትሽን የምታዪው ታጥቦ፣ ተበጥሮ፣ ለእንግዳ ተነጥፎ ነው። የራስሽን ግን ምድጃው ሥር፣ ወተት እንደፈሰሰበት ታዪዋለሽ። እህትሽ ባሏ ሲገባ ምን እንደምትጠይቀው፣ ሲቆጣ እንዴት እንደምታበርደው፣ ስንት ጊዜ ዋጥ አድርጋ እንዳለፈች ነግራሽ ታውቃለች?»

«አልጠየቅኋትም» አለች ትርንጎ።

«ባልሽንስ በሬው ታሞ ይሆን፣ ሰብሉ ጠፍቶበት ይሆን፣ ምን ሆነህ ነው ፊትህን የምታዞረው ብለሽው ታውቂያለሽ?»

ትርንጎ የነጠላዋን ጫፍ ይዛ አቀረቀረች። «እሱስ መቼ ጠይቆኝ ያውቃል?» አለች በቀስታ።

«አልጠየቀሽም፤ ይህ የእሱ ጥፋት ነው። እሱን እዚህ ባገኘው ይህንኑ እነግረዋለሁ፤ ለብቻ የሚራገፍ ምንጣፍ የለምና። ዛሬ ግን የመጣሽው አንቺ ነሽ፤ አንደኛውን ጫፍ አንቺ ያዢ። ቅናቱ አልለቅ ካለሽ ደግሞ ተዪው አልልሽም፤ ተዪው ቢሉት የሚተው ነገር አይደለም። ብቻ በእህትሽ ባል አትቅኚ፤ በእህትሽ ድካም ቅኚ። በሰው ድካም የቀና ሰው ማንንም አይጎዳም፤ ተነሥቶ ይሠራል።»