የገጣባው አህያ መድን

አንድ ጊዜ፣ አህዮች እህል ተሸክመው ከቆላ ደጋ በሚመላለሱበት አገር፣ ቀበሮና ጅብ ተማክረው የሕይወት መድን ጎተራ አቆሙ። ውሉን ሲሰሙት ያስጎመጃል፦ በየመኸሩ አንድ ቁና ገብስ የሚያስገባ እንስሳ የሞተ እንደሆነ፣ ቤተሰቡ አንድ ዓመት ሙሉ ከጎተራው ይቀለባል። ቀበሮ ጸሐፊ፣ ጅብ ጎተራ ጠባቂ ሆነ። ጅብ ገብስ አይበላም ብለው ሁሉም አመኑት።

በዚያ አገር አንድ የጭነት አህያ ነበር። ጀርባው እንደ ጓደኞቹ ሁሉ ገጣባ ነው። ደግሞስ ያልተገጠበ የጭነት አህያ ማን አይቶ ያውቃል? ሚስቱ እግሯ ተሰብሮ ስታነክስ ስለቀረች «እኔ ብሞት በበጋ ማን ያበላታል?» እያለ ይብሰለሰል ነበር። አንድ ቀን ቀበሮ ዘንድ ሄደ።

«ጀርባዬ እንደምታየው ቆስሏል፤ ይህም ይጻፋል እንዴ?» አለው።

«ተወው ወንድሜ፣ ይሄ ምን ቁም ነገር አለው! አንተ ብቻ ኮቴህን እዚህ ላይ አሳርፍ» አለና ቀበሮ ብራናው ላይ «ጀርባው ፍጹም ጤነኛ» ብሎ ጻፈ።

አህያ ማንበብ አይችልም፤ ያነበበለትም የለም። ኮቴውን አሳርፎ ሄደ። ሰባት መኸር ሙሉ ገብሱን ሳያጓድል አስገባ። በስምንተኛው ዓመት ወንዝ ሲሻገር ደራሽ ውኃ ከነጭነቱ ወሰደው።

ሚስቱ እሜት አህይት ሐዘኗን ሳትጨርስ ሣሩ ደረቀ። እያነከሰች ወደ ጎተራው ሄደች።

«ባልሽ ዋሽቶናል» አላት ቀበሮ ብራናውን ዘርግቶ። «ጤነኛ ነኝ ብሎ ኮቴውን አሳረፈ፤ ለካ ገጣባ ኖሯል። ውሉ ፈርሷል።»

«የገደለው እኮ ጎርፍ ነው!»

«ጎርፉን አላውቅም፤ እኔ የማውቀው ብራናው የሚለውን ነው።»

«እሺ፣ ሰባት ቁና ገብሱስ?»

«እሱማ የውሸቱ ቅጣት ነው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲባል አልሰማሽም?» ብሎ ሳቀባት።

እንዲህ ያለ ዓይን አውጣ! የሟችን ገብስ በልቶ ሟችን ውሸታም ማለት! እሜት አህይት ግን አልቅሳ ቤቷ አልገባችም። በሦስት እግሯ አዝግማ አንበሳ ችሎት ቀረበች።

አንበሳ ቀበሮንና ጅብን አስጠርቶ «ቁስሉን ያወቃችሁት መቼ ነው?» አላቸው።

ቀበሮ እጅ ነሥቶ «ጃንሆይ፣ ከሞተ በኋላ ነው፤ ደብቆን ነበር» አለ።

ጅብ ይህን ሲሰማ ክብሩ ተነካ። በማሽተት የሚያህለው የለማ! «እኔን አያ ጅቦን ቁስል ይደበቀኛል? ገና በመጀመሪያው ቀን ሸቶኝ ምራቄን ስውጥ፣ ‹ዝም በል፣ ሲሞት ይጠቅመናል› ያልከኝ አንተ አይደለህም?»

ቀበሮ በክርኑ ጎሸመው፤ ነገሩ ግን ካፍ ወጥቷል።

አንበሳ አገሳ። «ሲቀበሉ ያዩትን ቁስል ሲከፍሉ አላየንም ማለት የለም! ጎተራው ዛሬውኑ ይከፈትላት። ከእንግዲህ ውል ጮክ ተብሎ ሳይነበብ ኮቴ አይታተምም፤ ከታተመ በሁለት ዓመት ውስጥ ያልተነሣ እንከንም ከሞት በኋላ አይነሣም።»

ተሰብሳቢው እልል አለ። እሜት አህይት ግን አላመሰገነችም።

«ጃንሆይ፣ ከእኔ በፊት ያ በር የተዘጋባቸው የገጣባ አህያ ሚስቶች ስንት ናቸው?» አለች። «ጎረቤቴ ቦሪት ባለፈው በጋ እዚያው ደጃፍ ላይ ነው በረሃብ የሞተችው። ያን ጊዜ ወዴት ነበሩ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ!»

አንበሳ አንገቱን ደፍቶ ከኋላዋ ወደ ጎተራው ሄደና የተከለከሉትን ሁሉ በየስማቸው እያስጠራ ገብስ ያሰፍርላቸው ጀመር። «ቦሪት!» ተብሎ ሲጠራ ግን «አቤት» የሚል አልነበረም።

ከዚህ የምንማረው፣ ሲቀበል ያየውን እንከን ሊከፍል ሲል የሚያነሣ ሌባ መሆኑን፣ ውሉን አስቀድሞ ያልመረመረ ዳኛም ከጥፋቱ ነጻ አለመሆኑን ነው።