መቶ ስም የያዘችው ጦጣ

ልጆቼ፣ አስቀድሜ ልናገር፤ ይህን ነገር ከብዙ አፍ ስለሰማሁት አንዳንዱን አሳስቼ ይሆናል። የምነግራችሁ ገበያ የቆመው በሚያዝያ ይሁን በግንቦት አሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ሐሰት እንዳይሆንብኝ ጠንቀቅ እያልኩ እነግራችኋለሁ፤ የተሻለ የሚያውቅ ካለ ያርመኝ።

አውሬ ሁሉ በሙያው ያድር በነበረበት ዘመን፣ ስሙን ማንም በማያስታውሰው አገር አንዲት ጦጣ ነበረች። ሥራዋ ማማ ላይ ሆኖ የበቆሎ ማሳ መጠበቅ ነው። ከማማው ሥር ደግሞ ጃርት የውሃ መውረጃ ቦይ ይቆፍር ነበር። ዝናብ ሲበረታ እሱ ከታች «ጦጢት፣ አለሽ ወይ?» ይላል፤ እሷም ከላይ «አለሁ፤ አንተስ አለህ ወይ?» ትላለች። እንዲህ ሲባባሉ ሰባት ክረምት አለፈ።

በሰባተኛው ዓመት የማሳው ጌታ ሞተ። ልጆቹ መሬቱን ለግጦሽ አዋሉት፤ ማማውም ፈረሰ። ጃርት በፊናው ሥራ ፍለጋ ሄደ። ጦጣዋ አሮጊት እናቷን አዝላ ሜዳ ላይ ቀረች። እናቲቱን ደረቷን ያማታል። ክረምቱ ሳይገባ ጣሪያ ካልተገኘ እንደማትተርፍ ሁለቱም ያውቁታል፤ ግን አይነጋገሩበትም።

አንድ ቀን ቁራ አያትና ወረደ።

«እመት ጦጣ፣ ሥራ ራሱ ፈልጎሽ አይመጣም። የሙያተኞች ገበያ ሊቆም ነው። ንብ ሰሟን፣ ሸረሪት ድሩን፣ ምስጥ ግንቡን ይዞ ዳስ ይጥላል። ቀጣሪውም እዚያ ነው። ሂጂና ተዋወቂ።»

«ከማን ጋር?»

«ካገኘሽው ሁሉ ጋር። ብቻ ከትልልቆቹ አጠገብ ቁሚ። እዚያ የሚታየው ከማን ጋር እንደቆምሽ ነው።»

ይህችን የመጨረሻዋን ቃል ጦጣዋ ከልክ በላይ ያዘቻት።

ገበያው በቆመ ዕለት እናቷን ከአንድ ጥላ ሥር አስቀመጠች፤ አንድ ረጅም ገመድ ይዛም ገባች። ከንብ ዳስ ደርሳ «ስሜን ያዢ፣ ስምሽን ስጪኝ» አለች። ንብ ሰጠቻት። ጦጣዋም ገመዱን አንድ ጊዜ ቋጠረች።

ከአህያ ዘንድ ሄዳ «ስሜን ያዝ፣ ስምህን ስጠኝ» አለች።

«እኔ ጭነት እንጂ ስም ይዤ አላውቅም። ካልሽ ግን እሺ።» እሱንም ቋጠረች።

ከሸረሪት ዘንድ ሄዳ «ስሜን ያዝ፣ ስምህን ስጠኝ» አለች።

«የዛሬስ ጉድ ነው፤ ከዝንቡ ይልቅ የያዝኩት ስም በዛ» አለ ሸረሪት። እሱንም ቋጠረች።

ቀትር ላይ ገመዷ መቶ ቋጠሮ ሞላ። ከሸረሪት ዳስ ደጃፍ ከሰጎንና ከቆቅ ጋር ቆማ ትስቃለች። ሰጎን የዝሆን ባለሟል ናት፤ ዝሆን ደግሞ የአገሩ ትልቅ ባለጎተራ ነው። በዚህ መሐል ጃርት እሾኩ ድረስ ጭቃ እንደለበሰ ከሩቅ አያትና እየሮጠ መጣ።

«ጦጢት፣ አለሽ ወይ?»

ጦጣዋ ፊቷን አዞረች።

«ይሄ ባለጭቃ ዘመድሽ ነው እንዴ?» አለች ሰጎን።

«አላውቀውም። ገበያ ላይ የሰማውን ስም የሚጠራ መቼ ጠፍቶ።»

ጃርትም «ይቅርታ፣ ተሳስቼ ይሆናል» ብሎ ሄደ።

ወዲያው ዝሆን ከመሐል ገበያ ቆሞ ተናገረ። ጎተራውን የሚጠብቅ ይፈልጋል፤ ለጠባቂው ዝናብ የማያስገባ ቤት ይሰጣል። ጦጣዋ ሁሉን ቀድማ ወጣች።

«ዋስሽ ማነው?» አላት ዝሆን።

ገመዷን ከፍ አድርጋ አሳየች። «ይኸው ጌታዬ፣ መቶ ወዳጅ አለኝ።»

«ከመቶው ክረምት አብሮሽ የሠራ የትኛው ነው?»

የአገሩ ደንብ ይህ ነበር። በበጋማ ሁሉም ትጉህ ነው፤ ሰነፍ የሚለየው በጭቃ ነው ይሉ ነበር። ስለዚህ አንድ ክረምት አብሮ ያልሠራ ዋስ አይሆንም። ጦጣዋ ይህን ደንብ ከልጅነቷ ታውቀው ነበር፤ ስሞቹን ስትቋጥር ግን ረሳችው። ገመዱን እያገላበጠች ፈለገች፤ አንድም አጣች።

«ጃርት አለ» አለች ድምጿ አንሶ። «ሰባት ክረምት አብረን ሠርተናል።»

ጃርት ተጠርቶ መጣ። ዝሆንም «ይህችን ታውቃታለህ?» አለው።

«አውቃታለሁ ጌታዬ። በዝናብ ተኝታ አታውቅም። ዋስ ነኝ።»

«ዋስትናውን የሚቃወም አለ?» አለ ዝሆን፤ ይህንንም መጠየቅ ደንብ ነው።

«እኔ አለሁ» አለች ሰጎን። «ቀትር ላይ አላውቀውም ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«እኔም ሰምቻለሁ» አለች ቆቅ።

«እኔም» አለ ሸረሪት ከዳሱ ሆኖ። «ሌላ ናት እንዳልል ስሟን ይዣለሁ።»

ዝሆንም ወደ ጦጣዋ ዞረ። «ወይ ቀትር ላይ ዋሽተሻል፣ ወይ አሁን እየዋሸሽ ነው። የትኛውም ቢሆን ጎተራዬን አልሰጥሽም።»

«እኔ አልተቀየምኩም ጌታዬ» አለ ጃርት። «እናቷ ታማለች፤ እባክዎ።»

«አንተ ደግ ነህ። እኔ ግን የምፈልገው እህሌን አምኜ የምሰጠውን ነው።»

ሥራው ለጉሬዛ ተሰጠ፤ የገበያው ዳስ ሁሉ ፈረሰ። ጃርት ጉድጓዱን ለእናቲቱ ሊለቅ ወደደ፤ ነገር ግን ጉድጓዱ በክረምት ውሃ ያቁራል። ጦጣዋ እናቷን አዝላ ወደ ቆላው መንገድ ገባች ይባላል።

ከዚያ በኋላ ወሬዋን የሰማሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሐምሌ አቦ ዕለት ይመስለኛል፤ ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ወርዶ ነበር። ከቆላ የመጣ መንገደኛ፣ አንዲት ጦጣ የወንዝ ሙላት ስትሻገር አየሁ አለ። በጀርባዋ ያዘለችው ነገር አለ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ብቻዋን ናት አለኝ። ለዚህ ነው አባቶች፣ «በብራ የካዱት ወዳጅ፣ በዝናብ ቢጠሩት አያስጠልልም» የሚሉት።