ፋኖሱና የነብሩ ዓይን

እናንተ እዚህ የተሰበሰባችሁ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ዕቃም እንስሳም ከሰው ጋር በሚነጋገርበት በዚያ ዘመን፣ በቋራ ቆላ አባ ቢያድግልኝ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ያላቸው ሀብት በላባቸው ያፈሯቸው አሥራ አንድ ፍየሎች ናቸው። ከአሥራ አንዱ የምትታለበው አንዲት ብቻ ነበረች። እናቷ የሞተችባት የስምንት ወር የልጅ ልጃቸው ይመኙሻል የምትኖረው በዚያች ፍየል ወተት ነው። ፍየሏ ከተበላች ሕፃኗም አትተርፍም። ስለዚህ አባ ሌሊት ሌሊት በበረቱ በር ላይ እሳት አንድደው፣ ፋኖሳቸውን ሰቅለው ያድሩ ነበር።

ፋኖሱ ዓይን ያውቃል። ብርሃኑን ወደ ጨለማው ይልካል፤ ብርሃኑ የአውሬ ዓይን ላይ ሲያርፍ ተመልሶ ያበራል። አረንጓዴ ሆኖ ከፍ ዝቅ እያለ የሚሄደውን «ጅብ ነው፣ ይነሡ» ይላቸዋል። ቀይ ሆኖ መሬት ለመሬት የሚነጥረውን «ጥንቸል ናት፣ ይተኙ» ይላቸዋል።

አንድ ሌሊት ነብር መጣ። ከአጥሩ ውጭ ቆሞ፣ ድምፁን አቅጥኖ፣ የጎረቤት ፍየል ነኝ፣ ከመንጋዬ ተነጥዬ መሽቶብኝ ነው፣ አስገቡኝ አለ። አባ ቢያድግልኝ አዘኑና የእሾሁን በር ሊስቡ እጃቸውን ሰደዱ። ፋኖሱ ግን ሳቀ።

«አያ ነብሮ፣ የፍየል ዓይን በግራና በቀኝ ነው። ዘወር ስትል አንዱን ታሳየኛለች እንጂ እንዳንተ ሁለቱን አቅንታ አታፈጥብኝም።»

ነብሩ ይህን ሰምቶ ሄደ።

በሁለተኛው ሌሊት ተመልሶ መጣ። አሁን ጎኑን ሰጥቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ነው። ያንኑ ልመና ለመነ። ፋኖሱ አሁንም ሳቀ።

«ዓይንህ እንደ ተመታ ችንካር ደርቋል። ፍየል እንዲህ አትቆምም፤ ቅጠል ትቀነጥሳለች፣ አንገቷን ትወዘውዛለች፣ ዓይኗም በራ ጠፋ ይላል። አትድከም። አውሬ ሁሉ ብርሃኔን ይመልስልኛል፤ የማይመልስልኝ የሰው ዓይን ብቻ ነው።»

ነብሩ ይህንንም ሰምቶ ሄደ።

አባ ቢያድግልኝ አልወደዱትም። «ምነው ልጄ፣ ስታውቀው ለእኔ ብትነግረኝ አይበቃም? እሱን ለምን ታስተምረዋለህ?» አሉት።

«ታዲያ አዋቂነቴን ማን ይወቅልኝ፣ አባ?» አለ ፋኖሱ።

በሦስተኛው ሌሊት በጨለማው ውስጥ ምንም አልበራም። ኮቴ ብቻ ተሰማ፤ ከበሩ ፊት ለፊት፣ ብርሃኑ አካል ለይቶ ከማያሳይበት ላይ ቆመ።

«አባቴ፣ የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ። አሳድሩኝ» አለ ድምፁ።

በዚያ አገር የመሸበትን እንግዳ የመለሰ ሰው ሲሞት ለቀብሩ የሚወጣለት አያገኝም። ፋኖሱ ጨለማውን ቃኘና ዓይን እንዳላየ፣ እንግዳው ሰው እንደሆነ፣ እንዲከፍቱለት ነገራቸው። አባ በሩን እኩሌታ ሳቡት። ከዚያ ያለፉት ሁለት ሌሊቶች ትዝ አሏቸውና እጃቸው ቆመ። ሰው ከሆነና ቢመልሱት ነውር ነው። ነብር ከሆነና ቢያስገቡት የይመኙሻል ነገር አበቃ።

በሩን በእግራቸው ደግፈው ያዙት።

«እንግዳዬ፣ እሾህ እንዳይወጋህ በሩን ላመልክትህ» አሉ ቀስ ብለው። «ከፊትህ አጥሬ ላይ የቆሙ እንጨቶች አሉ። እስቲ ቁጠራቸው፤ ስንት ናቸው?»

እንጨት ለመቁጠር ግን የጨፈኑትን ዓይን መግለጥ ግድ ነው። ከዚያ ሁለት ወርቅማ ዓይኖች ጨለማው ውስጥ ቦግ አሉ፤ ከእንጨት ወደ እንጨትም ተራመዱ።

«ዘጠኝ» አለ ድምፁ።

ቆጠራው ልክ ነበር። አባ ቢያድግልኝ በሩን በትከሻቸው ገፍተው ዘጉ፤ ከእሳቱም ትንታግ መዝዘው ወረወሩ። ነብሩ ጠጉሩ እየተለበለበ ሸሸ። ጉብታው ላይ ሲደርስ ዞር አለ።

«አባቴ፣ ዘጠኝ አይደሉም እንዴ? በምን አወቁኝ?»

ፋኖሱ ሊመልስ ጉሮሮውን ጠረገ። አባ ቢያድግልኝ ግን ብርጭቆውን አንስተው እፍ አሉት።

እስኪነጋ ያለ ፋኖስ በእሳቱ ዳር ተቀምጠው የአሥራ አንድ ፍየሎች ትንፋሽ አዳመጡ። ሲነጋ ፍየሏ ታለበች፤ ሕፃኗም ጠጥታ ተኛች።

እናንተም ጠላታችሁን በምን እንዳወቃችሁት ለራሱ ለጠላታችሁ አትንገሩት፤ ነገ አስተካክሎ ይመጣባችኋል። እኔ የሰማሁትን አደረስኩ፤ ከዚህ ወዲያ የእናንተ ነው።