የጓንጉል ልጅ ያገሳ ዕለት

በግራር አምባ ሰው በትንሽ ነገር ትልቅ መሣሪያ ሲያነሣ፣ ትንኝ ሊገድል ጠመንጃ ሲያቀባብል፣ ሽማግሎች ከተቀመጡበት ሳይነሡ የሚወረውሯት አንዲት አባባል አለች። ሁሉም ይላታል፤ ከየት እንደመጣች የሚያውቅ ግን ከመቶ አንድ አይገኝም። ሦስት ቃል ብቻ ናት። ከኋላዋ ግን አንድ የአንበሳ ጎፈር፣ አንድ የጋለ ካራ፣ ገና ስልሳ ቀን ያልደፈነ አንድ ሕፃን፣ ሲያንስ ሲያንስ ደግሞ ሁለት ሺህ ምስክር ቆሟል። በዚያ ዘመን የግራር አምባ ሰው ሦስት መቶ አይሞላም ነበር የሚል ካለ፣ እሱ ከብቶቹን አልቆጠረም።

ነገሩ የጀመረው ጓንጉል በሚባል ሰው ቤት ነው። ጓንጉል ሲናገር የሚያሳንሰው ነገር አልነበረም። ዶሮው እንቁላል ከጣለች «የሰጎን ያህላል» ይላል፤ ካፊያ ካካፋ «የጥፋት ውኃ መጣ» ይላል። አያቱ በጎልማስነታቸው አንድ አንበሳ ገድለው ነበር፤ በጓንጉል አፍ አንበሳው ስድስት ደርሷል፤ ስድስተኛው ክንፍ ሊያወጣ ትንሽ ቀርቶት ነበር። የዚያ አንበሳ ጎፈር ከምድር ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ ብል ከበላው የተረፈው ፀጉር አሁንም እንግዳ ያስደነግጣል።

ይህ ሰው ሊያጋንነው ያቃተው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጅ። ከሚስቱ ከየሻረግ ጋር አሥራ አምስት ዓመት ሲኖሩ አልወለዱም፤ ባዶን ደግሞ በምን ያጋንኑታል? እናም በአሥራ ስድስተኛው ዓመት ወንድ ልጅ ሲወለድ፣ ጓንጉል ለመጀመሪያ ጊዜ አፉ ተሳስሮ ግማሽ ቀን ዝም አለ። ከዚያ ወጥቶ «በላቸው ብዬዋለሁ! ጠላቱን ሁሉ ገና በጥርሱ ይበላዋል!» ብሎ ፎከረ።

በላቸው ግን የበላው አልረጋለት አለ። አርባ ቀኑን ሲያልፍ ጀምሮ፣ ጠብቶ ገና ከመተኛቱ እንደ ደጋን ይለጠጣል፤ ጉልበቱን ወደ ሆዱ ይሰበስባል፤ ፊቱ በርበሬ መስሎ ያለቅሳል፤ የጠባውንም ያቀርሻል። ልቅሶው ሲጀመር ወንዝ ማዶ ያሉ ውሾች ይመልሱለታል። የሰፈሩ ሴቶች፣ «ስሙ በላቸው፣ ሥራው መለሰላቸው» እያሉ ይሣሣቁ ነበር። የሻረግ ግን አልሣቀችም። ልጇ ክብደት አልጨመረም፤ ዓይኗም በእንቅልፍ እጦት ጎድጉዷል።

ምክር በረከተ። «እንጥሉ ወርዶ ነው» ያለ አለ። «ዓይን ነው» ያለች አለች። በመጨረሻ ወጌሻው ድንበሩ መጣ። ስብራት በማሰር የታወቀ ነው፤ ግን እጁ ካራ ከያዘ የሚቆርጠው ነገር ሳያገኝ አይመለስም። ጣቱን በሕፃኑ አፍ ከተተና ድዱን ዳሰሰ።

«ይኸው!» አለ። «ነጭ ነገር ይታየኛል። የወተት ጥርስ ነው፤ ውስጥ ለውስጥ እየበላው ነው። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ድዱን በጥቼ አወጣለታለሁ።»

ጓንጉል በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ድንበሩ ከወጣ በኋላ የሻረግ ልጇን አቅፋ በሩ ላይ ቆመች።

«የእህቴም ልጅ እንዲህ ተብሎ ነው የተበጣው» አለች። «ደሙ አልቆም ብሎ በሦስተኛው ቀን ቀበርነው። አንተም አፈር መልሰሃል፤ ረሳኸው?»

ጓንጉል አልረሳም። ትንሿ ጉድጓድ በእሱ አፍ እንኳ ሰፍታ አታውቅም።

«እማማ ዝማምን ጠይቅልኝ» አለችው። «እሳቸው ይቆረጥ ካሉ፣ እኔው ይዤ አስቆርጠዋለሁ።»

እማማ ዝማም ወንዝ ማዶ የሚኖሩ አሮጊት አዋላጅ ናቸው። የግራር አምባን ሰው እኩሌታ የተቀበሉት እሳቸው ናቸው፤ ሌላውን እኩሌታ የተቀበሉት እናታቸው። ጓንጉል ሐሙስ ጠዋት ሲደርስ፣ እሳቸው አንድ እግራቸውን በእርካቡ ላይ አድርገው ነበር። በቅሎዋን የያዘው ሰውዬ «ምጥ ጠንቶባታል፣ ይፍጠኑልኝ!» እያለ ይንቆራጠጣል። ጓንጉል ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ተናገረ፤ ልቅሶው ሰባት ተራራ እንደሚያናውጥ ጭምር።

«ተራራውን ተወውና ከጠባ በኋላ ምን ታደርጉታላችሁ?» አሉት።

«ወዲያው እናስተኛዋለን።»

«ያገሳል?»

«ማ? በላቸው?»

«አዎ፣ በላቸው። ያገሳል ወይ?»

«ኧረ አያገሳም፣ እማማ! በሁለት ወሩ?»

«ይኸው ነዋ! ሳያገሳ እንዴት ይተኛል? በጠባ ቁጥር ያግሳ። ካገሳ ይለቀዋል። ካራ የሚባል እንዳታስነኩት! አሁን ሰው ታምጣለች፤ አደራረጉን ቅዳሜ መጥቼ ለየሻረግ አሳያታለሁ።» በቅሎዋም ተፈተለከች።

ጓንጉል ወንዙ ዳር ብቻውን ቀረ። ሌላ አባት ቢሆን ኖሮ፣ ሰው እንጀራ በልቶ ሲጠግብ የሚያሰማው ግሳት ትዝ ይለው ነበር። ጓንጉል ግን ጎፈር ከተሰቀለበት ቤት ያደገ ነው፤ «ያገሳል» ሲባል ከአንበሳ በቀር የሚያገሳ ነገር አልታየውም። የቆመበት መሬት ከእግሩ ሥር የሸሸ መሰለው። የአያቱ አንበሳ ደሙን ይዞ ለካ በልጁ ሆድ ተኝቷል! ሕፃኑ የሚለጠጠው፣ የሚቀላው፣ የሚያለቅሰው፣ ያ ግሳት መውጫ አጥቶ ነው! ወደ ቤቱ ሲመለስ ድንጋዩም፣ ግራሩም፣ ወንዙም መንገድ የለቀቁለት ይመስለው ነበር።

«ምን አሉ?» አለች የሻረግ ገና ከሩቁ።

የሰማትን ቃል እንዳለች ቢያስረክብ ኖሮ ይህ ታሪክ እዚሁ ላይ ያልቅ ነበር፤ የሻረግ ወዲያው ይገባት ነበር። ጓንጉል ግን ቃልን ራቁቷን ወደ ቤቱ አስገብቶ አያውቅም። ሸማ ያለብሳታል፤ ካባ ይደርብላታል።

«በዚህ ልጅ ላይ አንበሳ አድሮበታል አሉ!» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እንደ አንበሳ ሲጮህ፣ አምባው ሲንቀጠቀጥ፣ ያን ጊዜ ይድናል አሉ።»

የሻረግ ልጇን ትኩር ብላ አየችው። «እማማ ዝማም? እንዲህ አሉ?»

«በእርካብ ላይ ቆመው!»

እርካቡ እውነት ስለነበር ሌላውም እውነት መሰላት።

ወሬው እስከ ማታ አገሩን አዳረሰ። ድንበሩ ሰምቶ ሊያሾፍ መጣ። «ጋሼ ጓንጉል፣ አንበሳ ወለዱ አሉ? እንግዲህ በጎቻችንን እንሰውር!»

ጓንጉል ደሙ ፈላ፤ በፈላበትም አፉ ቀደመው። «እስከ ቅዳሜ ረፋድ ልጄ እንደ አንበሳ ካገሳ፣ ካራህን በሰው ፊት ሰብረህ ትሄዳለህ!»

«ካላገሳስ?»

«ካላገሳ... ትበጣዋለህ።»

ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ሊመልሰው ፈለገ፤ ግን ድንበሩ እጁን መትቶ ሄዷል።

ዓርብ ዕለት ጓንጉል ጎፈሩን አወረደ፤ ከአናቱ ደፋው፤ በአራት እግሩ ሆኖም በሕፃኑ መኝታ ዙሪያ ይዞር ጀመር። «እህህህምምም! አግሳ፣ በላቸው! እንደ አባትህ፣ አግሳ!» በላቸው ዓይኑን አፍጥጦ ተመለከተው፤ አንዴ ሣቅ የመሰለ ነገር አሳየ፤ ከዚያ አነጠሰ። የሻረግ ከወንዝ ውኃ ቀድታ ስትገባ ባሏን ከአልጋ ሥር አገኘችው።

«አንተ ሰው፣ ልጄን እንደሆነ አላስገሳኸውም፤ ላሚቱ ግን በረት ሰብራ ሄዳለች።»

ቅዳሜ ጠዋት ግቢው ሞላ፤ አጥሩ ሞላ፤ ግራሩ ላይ የተሰቀለው ሰው ብዛት ቅርንጫፉን መሬት አስነካው። ማዶ ለማዶ ተቀያይመው የኖሩ ሰዎች ጎን ለጎን ቆሙ። ተአምር ሊሆን ነውና ማንም ጮክ ብሎ አይናገርም። ከዝምታው ውስጥ የሚሰማው ድንበሩ ካራውን በሞረድ ሲስል ብቻ ነበር፤ ሺር፣ ሺር፣ ሺር። አጠገቡ ፍም ይፋጃል። ካራዋ ክንድ ታህላለች። ሕፃን ለያዘች እናት ደግሞ ሁለት ክንድ።

ጓንጉል ጎፈሩን ደፍቶ ሦስት ጊዜ አገሳ። የመጀመሪያው ውሾቹን በተነ። ሁለተኛው ሁለት ሽማግሎችን አስቀመጠ። ሦስተኛው መሐሉ ላይ ተሰበረ፤ ድምፁ ልቅሶ ሆኖ ወጣ። በላቸውም በድንጋጤ ጮኸ።

«ይኸው ነው?» አለ ድንበሩ። «ይኼማ ጩኸት ነው። ረፋዱ ደርሷል፤ ጋሼ፣ ቃልዎ ቃል ነው።»

«ትንሽ ጠብቅ፤ እማማ ዝማም እመጣለሁ ብለዋል» አለች የሻረግ።

«ፀሐይ ትጠብቃቸዋለች?»

የሻረግ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረችና ጡቷን ሰጠችው። «ቢያንስ ጠግቦ ይሁን» አለች። በላቸው ጠባ፤ ጠጥቶ ጠጥቶ ለቀቀ፤ ወዲያውም ጉልበቱን መሰብሰብ ጀመረ። ድንበሩ ካራውን ከፍም አወጣ። ጫፉ ቀልቷል። ሌላ እጁን ዘረጋ። «ስጪኝ።»

ጓንጉል የልጁን አፍ አየ። እንደ ወፍ ጫጩት አፍ ነበር፤ ያ ካራ በየት በኩል ሊገባ? በሕይወቱ ሁሉን ነገር ትልቅ አድርጎ ሲያይ የኖረ ሰው፣ በዚያች ቅጽበት አንድ ነገር በልኩ አየ፤ በልኩም ትንሽ ነበር። ሕፃኑን ከሚስቱ እቅፍ ነጠቀ፤ ትከሻው ላይ አስደገፈው፤ ሮጠ።

«ቃሌን በልቻለሁ!» ብሎ ጮኸ። «ጓንጉል ውሸታም ነው በሉ! ልጄን አልሰጥም!»

ሰው ሁሉ ተከተለው። ጓንጉል በግቢው መሐል ይሮጣል፤ ጎፈሩ በአንድ ዓይኑ ላይ ወርዷል፤ ሕፃኑ በትከሻው ላይ ቀጥ ብሎ ይናጣል። በመዳፉ ጀርባውን መታ መታ ያደርገዋል። «አይዞህ፣ አይዞህ የኔ ጌታ፣ አይዞህ።» አጥሩ በር ላይ ሲደርስ ከአንዲት በቅሎ ጋር ፊት ለፊት ተጋጠመና ቀጥ አለ።

ያን ጊዜ በላቸው አገሳ።

እንግዲህ የግራር አምባ ሰው ስለዚያ ግሳት የሚለውን ሁሉ መድገም አይቻልም። በቅሎዋ በኋላ እግሯ ቆመች። ግራሩ ላይ የነበሩት ሰዎች እንደ ፍሬ ረገፉ። ማዶ እህል ሲወቃ የነበረ ገበሬ «ነጎድጓድ በጠራ ሰማይ?» ብሎ እህሉን ሸፈነ። ሴቶች እልል ለማለት አፋቸውን ከፍተው እልልታው ጠፋቸው። ከዚያ ሁለት ሺህ ሰው ባርኔጣውን አውልቆ፣ ሸማውን አውርዶ ፀጥ አለ። አንድ ሰው ብቻ፣ «አገሳ» አለ በሹክሹክታ። ቃሏ ከአፍ ወደ አፍ ሄደች። «አገሳ... አገሳ...»

ጓንጉል አልዞረም። በጀርባው ላይ የሞቀ ወተት ሲወርድ ተሰማው። የሕፃኑ የታጠፈ ጉልበት ቀስ ብሎ ተፈታ። የተጨበጠች እጁ ተከፈተች። ከዚያ ያቺ ትንሽ ጭንቅላት በጎፈሩ ፀጉር ውስጥ ገባችና ከበደች፤ ትንፋሹ እንደ ንብ ክንፍ አንገቱን ነካው። በላቸው ተኝቶ ነበር። በግሳት! ጓንጉል መተንፈስ ፈራ።

እማማ ዝማም ከበቅሎዋ ወረዱ። «ምን ሆናችሁ? ሰው ሞተ?»

«አገሳ፣ እማማ!» አለ ሕዝቡ።

«እና? ሕፃን ጠብቶ ቢያገሳ አገር ይሰበሰባል?»

«እንደ አንበሳ ነበር የተባለው!» አለ ድንበሩ፣ ካራውን እንደያዘ። «ይህ የአንበሳ አይደለም! ውርርዱ አይያዝም!»

«አንበሳ ያለው ማነው? እኔ ያግሳ ነው ያልኩት።»

ሁለት ሺህ ዓይን ወደ ጓንጉል ዞረ። አራት ሺህ፣ በትክክል ከተቆጠረ። ጓንጉል የጎፈሩን ጫፍ ከዓይኑ ላይ ገፋ። ብዙ ማለት ይችል ነበር።

«አዎ» አለ ቀስ ብሎ፣ ልጁን እንዳይቀሰቅስ። «ያግሳ ነው ያሉኝ።» ምንም አልጨመረበትም። የሻረግ እያለቀሰች ሣቀች።

እማማ ዝማም አጠገቧ ቆሙ። «አየሽ አያያዙን? የታደለ፣ ሳያውቀው በትክክል ነው የያዘው። ከጠባ በኋላ እንዲህ ቀጥ አድርገሽ ትከሻሽ ላይ፤ ጀርባውን መታ መታ። ነፋሱ ይወጣለታል። ካገሳም በኋላ ቶሎ አታጋድሚው፤ ትንሽ ይቆይ። ማቅረሹ ባንዴ አይቀርም፤ እያደገ ይተወዋል።»

«ነጩስ ነገር? ድዱ ላይ ያለው?» አለ ድንበሩ።

አሮጊቷ ውኃ አስፈስሰው እጃቸውን ታጠቡና የተኛውን ሕፃን ድድ በጣታቸው ጫፍ ዳሰሱ። «ይህ ጥርስ አይደለም፤ ጉዳትም የለውም። ጥርሱም ጊዜው ሲደርስ ማንንም ሳያስፈቅድ በራሱ መንገድ ይወጣል። ያን ጊዜ ሲያሳክከው፣ ንጹሕ ጨርቅ በቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ አርሰሽ አስነክሺው፤ በታጠበ ጣትሽም ድዱን አሸት አሸት አድርጊለት።»

ሕዝቡ ቀስ በቀስ፣ በእግሩ ጣት እየረገጠ፣ ከግቢው ወጣ። አንበሳ ሊያይ የመጣ ሁሉ፣ የአንድ ሕፃን እንቅልፍ አይቶ አፉን ይዞ ሄደ። ድንበሩ ብቻ ፍሙ አጠገብ ቀረ።

«ታዲያ፣ እማማ» አለ፣ «ይህ ሁሉ ሞረድ፣ ይህ ሁሉ ፍም፣ ከሐሙስ ጀምሮ የለፋሁት ልፋት ምን ሊሆን ነው?»

እማማ ዝማም ካራዋን ከእጁ ወስደው በውኃው ማድጋ ውስጥ ነከሯት፤ ችስስ እያለች እስክትቀዘቅዝ ጠበቁና፣ «ልጄ፣» አሉት፣ «ለግሳት ካራ አይሳልም።»