ቁጥር አሥራ ዘጠኝ

በአንድ ያረጀ ሰፈር፣ ባለ እንጨት ሰገነት ቤት ውስጥ አንዲት ምላሰኛ ባልቴት ይኖሩ ነበር። አንድ ጠዋት አቶ ድንበሩ የተባሉ የቅርስ ኃላፊ ከነከረባታቸው ገቡና በየዕቃው ላይ ቁጥር ይለጥፉ ጀመር። በሩን አንድ፣ ደረጃውን ሁለት፣ መስታወቱን ሦስት እያሉ አሥራ ስምንት ላይ ሲደርሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እማማ፣ ከእንግዲህ ይህ ቤት ቅርስ ነው። ሰባ ዓመት የሞላው ነገር ሁሉ ከቦታው አይነቃነቅም። ከዚያ በታች የሆነው ግን ዛሬውኑ ይወጣል። እርስዎም ጓዝዎን ይጠቅልሉ።»

ባልቴቷ ሌላ መግቢያ አልነበራቸውም። ትንሽ አሰቡና ከኃላፊው እጅ አንዱን ቁጥር መንጭቀው ግንባራቸው ላይ ለጥ አድርገው ለጠፉት።

«ምን መሆንዎ ነው?» አሉ አቶ ድንበሩ ደንግጠው።

«ቁጥር አሥራ ዘጠኝ ነኛ! እዚሁ ጓዳ ተወልጄ ሰባ ስድስት ዓመት ሞልቶኛል። አንተስ ልጄ፣ ዕድሜህ ስንት ነው?»

«አርባ ሁለት» አሉ ኃላፊው ሳያስቡት።

«በል እንግዲያው የምትወጣው አንተ ነህ። ስትወጣ በሩን ቀስ አድርገህ ዝጋው፤ ቅርስ ነው።»