ዓሣው ካልወጣ እሺ የለም

ተረት ላወራችሁ ነው፤ መጀመሪያ «እሺ» በሉኝ። ምነው፣ አፋችሁን ምን ያዘው? በሉ እንጂ! እሰይ። አያችሁ እንዴት ቀላል እንደሆነች? አንዲት ቃል ናት፤ ለማለት ትንፋሽ እንኳ አትጨርስም። ይቺኑ ቃል ከአባቷ አፍ ለማውጣት ትርሲት የምትባል ልጅ ያየችውን አበሳ ነው የማወራችሁ።

ትርሲት የአቶ ዘርጋውና የወይዘሮ ዘነቡ አንድያ ልጅ ናት። ናሆም የሚባል መምህር ወደደች፣ እሱም ወደዳት፣ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ መጡ፤ እንደ ደንቡ ቆሙ፣ እንደ ደንቡ ለመኑ። አቶ ዘርጋው «ዘመድ ላማክርና ተመለሱ» አሉ። ይሄም ደንብ ነው፤ ማንም አልከፋውም። ሁለተኛ ሲመጡ ግን «ሳሎኔ ገና አልተሰናዳም፤ ተመለሱ» አሏቸው። እስቲ ንገሩኝ፣ ይሄ የየት አገር ደንብ ነው?

ነገሩ ወዲህ ነው። የጎረቤታቸው የአቶ ሽብሩ ልጅ ስትታጭ ሽማግሌዎቹ የተቀመጡት ከጣራው ተንጠልጥሎ ወለሉን ሊነካ ምንም ያልቀረው ትልቅ የመስታወት መብራት ሥር ነበር። ሰፈሩ ልጅቱንም ረሳ፣ ሙሽራውንም ረሳ፤ መብራቱን ብቻ አወራ። አቶ ዘርጋው ይሄን ሰምተው «እነሱ ቤት መብራት ካለ እኔ ቤት ባሕር ይኖራል!» ብለው ተነሡ። ባሕር ያሉት የጨው ውኃ የሚሞላበትን፣ የባሕር ዓሣ የሚኖርበትን የመስታወት ገንዳ ነው። ባሕር በሌለው አገር፣ ያውም ቧንቧው በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር!

የጌጥ ዓሣ ነጋዴው ኢዮስያስ «ጋሼ፣ ለጀማሪ መካከለኛዋ ትበቃለች» ቢላቸው «ጀማሪ? እኔ?» ብለው ተቆጡ። መካከለኛዋን ወሰዱና ሳሎኑን አትመጥንም ብለው መለሱ። ረጅሟን ወሰዱና ሶፋው ጋ አትሄድም ብለው መለሱ። በመጨረሻ ግድግዳ አስፈርሰው ከበር የሚበልጥ ገንዳ አስገቡ። ኢዮስያስ የዓሣውን ልዩ ጨው ላዝዝ ቢል «ጨው ጨው ነው!» ብለው ከመርካቶ የወጥ ጨው በኩንታል አስጭነው መጡ። «ጋሼ፣ ሾርባ ነው እንዴ የምንሠራው?» ብሎ ኢዮስያስ ራሱን ያዘ። የወጥ ጨው የተሟሟበት ያ ሁሉ ውኃ ጓሮ ተደፋ፤ የወይዘሮ ዘነቡ ጎመን እንዳለ ድርቅ አለ፤ ወይዘሮ ዘነቡም ባላቸውን አኮረፉ።

ከዚያ ደህናው ጨው መጣ። ከባሕር የወጣ ድንጋይ መጣ። «ድንጋይ በገንዘብ? ግቢያችን በምን ተሞልቶ ነው?» አሉ ወይዘሮ ዘነቡ፤ ኩርፊያው በዚሁ አለቀ። ከዚያ የባሕር አበባ የሚሏት፣ አበባ ትምሰል እንጂ ነፍስ ያላት ባለ ብዙ ጣት ፍጥረት መጣች። መጨረሻ ላይ ብርቱካናማ ላይ ነጭ ጥለት የለበሰ አውራ ጣት የሚያህል ዓሣ መጣ። መጣና ድንጋዩ ውስጥ ገብቶ ቀረ።

አሁን ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሽማግሌዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ ሊመጡ ነው፤ ቁርጡንም ልከዋል፦ ዛሬ ካልሆነ አንመለስም፣ ናሆም ሌላ ቤት ይፈልግ። በዚያው ጠዋት ደግሞ የሰፈሩ መብራት ድርግም አለ። ትርሲት ፊቷ አመድ መሰለ።

«አባዬ፣ በሞቴ፣ ዛሬ እሺ በላቸው።»

«ዓሣው ካልወጣ እሺ የለም!» አሉ አቶ ዘርጋው። «ባዶ ገንዳ እያሳየሁ ልጄን ልዳር? ሽብሩ ይሳቅብኝ?»

ምን ታድርግ? ሄደች ወደ ዓሣው። «ዓሣዬ፣ ዓሣዬ፣ ውጣልኝ! አንተ ካልወጣህ አባዬ እሺ አይልም፤ አባዬ እሺ ካላለ እኔ ሙሽራ አልሆንም።» ዓሣው ከድንጋዩ ሥር አንድ ዓይኑን ብቻ ብቅ አድርጎ «አልወጣም» አለ። «ቤቴ አበባዋ ናት። አበባዋ ካልተከፈተች ወጥቼ የት ልቀመጥ? አባትሽ ሶፋ ላይ?» ባለጌ!

ሄደች ወደ አበባዋ። «አበባዬ፣ አበባዬ፣ ተከፈቺልኝ! አንቺ ካልተከፈትሽ ዓሣው አይወጣም፤ ዓሣው ካልወጣ አባዬ እሺ አይልም፤ አባዬ እሺ ካላለ እኔ ሙሽራ አልሆንም።» አበባዋ ጣቶቿን ጭብጥ አድርጋ «አልከፈትም» አለች። «በጨለማ ተከፍቼ ለማን ላምር? መጀመሪያ መብራቱ ይብራ።»

ሄደች ከገንዳው በላይ ወደተሰቀለው መብራት። «መብራቴ፣ መብራቴ፣ ብራልኝ! አንተ ካልበራህ አበባዋ አትከፈትም፤ አበባዋ ካልተከፈተች ዓሣው አይወጣም፤ ዓሣው ካልወጣ አባዬ እሺ አይልም፤ አባዬ እሺ ካላለ እኔ ሙሽራ አልሆንም።» መብራቱ ከተሰቀለበት ቁልቁል አያትና «አልበራም» አለ። «እኔ የመጣሁት መብራት ከማይጠፋበት አገር ነው፤ ይሄን ኑሮ አልለመድኩትም። ጄኔሬተሩ ይነሣ፣ ያኔ እናወራለን።»

ወደ ጓሮ ወረደች፤ ወደ ጄኔሬተሩ። «ጄኔሬተር፣ ጄኔሬተር፣ ተነሣልኝ! አንተ ካልተነሣህ መብራቱ አይበራም፤ መብራቱ ካልበራ አበባዋ አትከፈትም፤ አበባዋ ካልተከፈተች ዓሣው አይወጣም፤ ዓሣው ካልወጣ አባዬ እሺ አይልም፤ አባዬ እሺ ካላለ እኔ ሙሽራ አልሆንም።» ጄኔሬተሩ ኡሁ ኡሁ ብሎ ሳለና «አልነሣም» አለ። «ጉሮሮዬ ደርቋል። አቶ ሽብሩ ገንዳውን በመስኮት እንዲያዩላቸው ብለው አባትሽ ትናንት ቀኑን ሙሉ ሲያስጮሁኝ ውለው ያለኝን ጠብታ ጨረሱት። በባዶ ሆዴ ማንም አያስነሣኝም።»

ይሄኔ ፊት ለፊት በር ላይ «እንደምን አደራችሁ፣ ቤቶች!» የሚል የወፈረ ድምፅ ተሰማ። ሽማግሌዎቹ! ልጅቱ በሽምግልና ቀን አትታይም፤ ጓዳ ተቀምጣ ጆሮዋን መጋረጃው ላይ ትለጥፋለች፤ ደንቡ እሱ ነው። ትርሲት ግን የምን ጓዳ! ጀሪካኗን አንጠልጥላ በወጥ ቤቱ በር ሹልክ አለች።

ነዳጅ ማደያ ደረሰች። ሰልፉ ሌላ ተረት ነው፣ እሱን ተዉት። «ወንድሜ፣ ወንድሜ፣ ቅዳልኝ! አንተ ካልቀዳህ ጄኔሬተሩ አይነሣም፤ ጄኔሬተሩ ካልተነሣ መብራቱ አይበራም፤ መብራቱ ካልበራ አበባዋ አትከፈትም፤ አበባዋ ካልተከፈተች ዓሣው አይወጣም፤ ዓሣው ካልወጣ አባዬ እሺ አይልም፤ አባዬ እሺ ካላለ እኔ ሙሽራ አልሆንም።» ቀጂው ጀሪካኗን አየ፣ እሷን አየ፣ ደግሞ ጀሪካኗን አየ። «አልቀዳም፣ እህቴ» አለ። «ዓሣ ነው ያልሽው? ለማንኛውም በጀሪካን ክልክል ነው። የወረዳው ሹም አቶ አበጋዝ ካልፈቀዱ እንኳን ለዓሣ ለሰውም አልቀዳም።»

ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሮጠች። የበሩ ዘበኛ ዱላቸውን አጋድመው አስቆሟት። «አባቴ፣ አባቴ፣ ያስገቡኝ! አቶ አበጋዝ ካልፈቀዱ ቀጂው አይቀዳም፤ ቀጂው ካልቀዳ ጄኔሬተሩ አይነሣም፤ ጄኔሬተሩ ካልተነሣ መብራቱ አይበራም፤ መብራቱ ካልበራ አበባዋ አትከፈትም፤ አበባዋ ካልተከፈተች ዓሣው አይወጣም፤ ዓሣው ካልወጣ አባዬ እሺ አይልም፤ አባዬ እሺ ካላለ እኔ ሙሽራ አልሆንም!»

«ትንፋሽ ውሰጂ፣ ልጄ» አሉ ዘበኛው። «አቶ አበጋዝ የሉም። ለሽምግልና ወጥተዋል።»

«የት?»

«እዚህ ቅርብ ነው። ግድግዳ አስፈርሶ ቤቱ ባሕር ያስገባ ሰው አለ አሉ። ልጁን አልሰጥም ብሎ ሁለት ጊዜ ሽማግሌዎችን መለሰና የሙሽራው ወገን ዛሬ በሹም እንሂድ ብለው እሳቸውን ይዘው ሄዱ። እሳቸውም ‹እሺ ካልተባልኩ አልቀመጥም፣ ካልተቀመጥኩ ሥራ አልሠራም› ብለው ነው የወጡት። ግትር ናቸው።»

ጀሪካኗ ከእጇ ወድቃ ተንከባለለች። ባዶ ስለሆነች ድምፅዋ ሰፈሩን አናጋው። ትርሲት መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥሎ አለቀሰች፤ ቀጥሎ ግን ተናደደች። ንዴቷ ይሻላል፣ እግር ሰጣት። ጀሪካኗን አንሥታ እየሮጠች ተመለሰች፤ በወጥ ቤት ሳይሆን በፊት ለፊት በር፣ ጫማዋ አቧራ እንደለበሰ፣ ሳሎን መሐል ገብታ ቆመች።

ወይዘሮ ዘነቡ «ኧረ በስመ አብ!» ብለው አፋቸውን ያዙ። ሽማግሌዎቹ ከዘራቸውን ተደግፈው እንደቆሙ ናቸው፤ አንዱን እግር አሳርፈው በሌላው ይቆማሉ። አቶ አበጋዝ መሐል ላይ ናቸው። አቶ ዘርጋው ወንበራቸው ላይ፣ ጀርባቸውን ለጨለማው ገንዳ ሰጥተው ተቀምጠዋል።

«ጋሼ አበጋዝ» አለች ትርሲት፣ «በጀሪካን እንዲቀዳልን አንዴ ይደውሉልን።»

«አልደውልም» አሉ አቶ አበጋዝ። «ቆሜ ሥራ አልሠራም። የምቀመጠው እሺ ስባል ነው።»

ወደ አባቷ ዞረች። «ሰማህ፣ አባዬ? አንተ እሺ ካላልክ ጋሼ አበጋዝ አይቀመጡም፤ እሳቸው ካልተቀመጡ አይፈቅዱም፤ እሳቸው ካልፈቀዱ ቀጂው አይቀዳም፤ ቀጂው ካልቀዳ ጄኔሬተሩ አይነሣም፤ ጄኔሬተሩ ካልተነሣ መብራቱ አይበራም፤ መብራቱ ካልበራ አበባዋ አትከፈትም፤ አበባዋ ካልተከፈተች ዓሣው አይወጣም። ዓሣው ካልወጣ ደግሞ አንተ እሺ አትልም! ሰፈሩን ዞሬ ዞሬ የደረስኩት እግርህ ሥር ነው። እስቲ አሁን ወዴት ልሂድ?»

አቶ ዘርጋው ያለችውን በጣታቸው ቆጠሩ። ቢቆጥሩት ቢቆጥሩት የነገሩ ክር አይበጠስም፤ ጫፉም በእጃቸው ነው።

«ዓሣው ወጥቶ ቢሆንስ እሺ ትል ነበር?» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

አቶ ዘርጋው ለመዋሸት አፋቸውን ከፈቱ፤ አልሆነላቸውም። «አይ» አሉ። «መጋረጃው ይቀየር እል ነበር። ቀጥሎ የግቢው ንጣፍ። ቀጥሎ… አላውቅም፣ አንድ ነገር አላጣም ነበር።»

«ምነው፣ አባዬ? ናሆምን ጠልተኸው ነው?»

«ኧረ ናሆም ጨዋ ልጅ ነው!» አሉና ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ሽማግሌዎቹ ወለል ወለሉን አዩ። «አንቺ ስትሄጂ ይሄ ሳሎን ባዶ ነው፣ ልጄ። የሽብሩ መብራት ሰበብ ነው። ምን ባስገባበት ይሞላል ብዬ አሰብኩ። ባሕር አስገባሁበት። አልሞላም።»

ትርሲት ጀሪካኗን አስቀምጣ ሄዳ እግራቸው ሥር ቁጭ አለች። ንዴቷ በርዶ እንደገና አለቀሰች። «አንተ አባዬ፣ እኔ እኮ ባሕር ማዶ አልሄድም፣ ሁለት ታክሲ ነው» አለች። «ቅዳሜ ቅዳሜ እመጣለሁ። ይሄን ባለጌ ዓሣ ማን ሊያበላልህ ነው?»

አቶ ዘርጋው አፍንጫቸውን በመሐረብ ጠረጉ። ተነሡ። ኮታቸውን አስተካከሉ። «እሺ» አሉ። «ልጄን ሰጥቻለሁ።»

ያኔማ ምኑን ልንገራችሁ! አቶ ዘርጋው እሺ አሉ፣ ወይዘሮ ዘነቡ እልል አሉ፣ አቶ አበጋዝ ሶፋው ውስጥ ዘፍ አሉ፣ ተቀምጠው ደወሉ፣ ከሽማግሌዎቹ ታናሽየው ጀሪካኗን ይዘው በረሩ፣ ቀጂው ቀዳ፣ ጄኔሬተሩ ጠጣ፣ ጠጥቶ ተነሣ፣ መብራቱ በራ፣ አበባዋ ጣቶቿን አንድ በአንድ ዘረጋች፣ ዓሣውም ጥለቱን አስተካክሎ፣ ደረቱን ነፍቶ ከድንጋዩ ወጣ።

ማን አየው? ማንም አላየው! ሽማግሌዎቹ ዶሮ ወጡ ላይ አቀርቅረዋል። አቶ አበጋዝ ጀርባቸውን ለገንዳው ሰጥተው ሦስተኛ እንቁላል ይለምናሉ። ወይዘሮ ዘነቡ ድንኳኑ የት ይተከል እያሉ ነው። ዓሣው አበባዋን አንዴ ዞራት፣ ሁለቴ ዞራት፣ «ለዚህ ነው እንዴ ያስወጣችሁኝ?» አለና ኩርፍ ብሎ ወደ ድንጋዩ ዞረ።

አቶ ዘርጋው ብቻ ቀስ ብለው መጡ። ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አሳረፉ።

«ቆይ፣ አትግባ» አሉት። «ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች።»

ተረቴ እዚህ ላይ ቆመ። እኔ ግን እንደ ሽማግሌ ቆሜ አልቀርም፤ ወንበር አምጡልኝ። ዳቦም ካላችሁ አልጠላም። ዓሣ ግን እንዳታመጡብኝ።